ወደ ግራ የምታዘነብል ባዝራ

ኑሪያ ነገሩን ያወቀችው ልብስ ስታጥብ ነው።

የእስማኤል የግልቢያ ሱሪ ሁልጊዜም ከጉልበቱ በላይ በውስጥ በኩል፣ በሁለቱም ጭን፣ በፈረስ ላብና በኮርቻ ቅባት ጠቁሮ ነበር የሚመጣው። ያን እድፍ ለማስለቀቅ ጣቶቿ እስኪላጡ ስትፈትግ የኖረችው ከተጋቡ ጀምሮ ነው። ገዳሪፍ ከገቡ ወዲህ ግን የሚጠቁረው የቀኙ ብቻ ሆነ። መጀመሪያ ልብ አላለችውም። አንድ ቀን ሱሪውን ገልብጣ ገመድ ላይ ስታሰጣ፣ አንደኛው እግር እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ ሌላው ገና ከሱቅ እንደመጣ ንጹሕ ሆኖ ጎን ለጎን ተንጠለጠሉ። እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች ቆማ አየቻቸው። ሰው ፈረስን የሚይዘው በሁለት እግሩ ነው። ባሏ በአንድ እግሩ ነበር የሚይዘው።

እስማኤል የጎንደር ልጅ ነው። ገና ጢሙ ሳያበቅል በመተማ አድርጎ ሱዳን ገባና፣ ብዙ ቦታ ከተንከራተተ በኋላ ኻርቱም ሲት ዋፋ የሚሏቸው እመቤት ዘንድ ተቀጠረ። ሲት ዋፋ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ከሰው ይልቅ ከፈረስ ጋር ማውራት የሚቀናቸው ሱዳናዊት ናቸው። ከከተማው ዳር በግንብ የታጠረ ሜዳ ነበራቸው፤ እዚያ ፈረሶች አጥር መዝለል ይማራሉ። እስማኤል መጀመሪያ ፋንድያ ጠራጊ፣ ቀጥሎ ባልደራስ፣ በመጨረሻም ጋላቢ ሆነላቸው። ኑሪያን ያገኛት አንድ በዓል ላይ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ኡም ጋርጉር ስደተኞች ሰፈር የመጣ ጊዜ ነው። ወላጆቿ በድርቁ ዘመን ከአገር ወጥተው እዚያው ቀርተዋል፤ እሷም እዚያው ተወልዳ፣ ከአማርኛው እኩል ዐረብኛ እየተናገረች ነው ያደገችው። አግብቶ ኻርቱም ወሰዳት።

ከሲት ዋፋ ፈረሶች ሁሉ የእስማኤል የሆነችው አንዲት ግራጫ ባዝራ ነበረች። ሲት ዋፋ በጸጉሯ ቀለም የተነሳ «ዘርጋ» ብለው በዐረብኛ ስም አውጥተውላታል። ለእስማኤል ግን ቃሉ የአገሩ ቋንቋ ነበር። አጥሩ ፊት ሲደርሱ ጆሮዋ ሥር «ዘርጋ» ሲላት፣ እንደ ወንድ አድርጎ ይጥራት እንጂ፣ እግርሽን ዘርጊ ማለቱ ነው። እሷም ትዘረጋ ነበር። ኑሪያ ግንቡ ላይ ተቀምጣ ስታያቸው፣ ፈረሲቱና ሰውየው አንድ ላይ ከመሬት ተነስተው አንድ ላይ ሲያርፉ፣ ባሏ እዚያ ላይ ሆኖ ሌላ ሰው እንደሚሆን ይገባት ነበር። መሬት ላይ ዝምተኛና አንገቱን የሚደፋ ነው። ፈረስ ላይ ግን አንገቱ ቀና ይል ነበር።

ጦርነቱ ኻርቱም ሲገባ ከፈረሶቹ የተዘረፈው ተዘረፈ፣ የሞተው ሞተ። የቀረችው ዘርጋ ብቻ ናት። ሲት ዋፋ የእህል ሎሪ ለምነው አግኝተው ባዝራዋን ከኋላ ጫኗት፤ እስማኤል አብሯት ቆመ፣ ሴቶቹ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። መድኒ ከተማ ሳይደርሱ አንድ ኬላ ላይ ተኩስ ተከፈተና ሾፌሩ በድንገት ፍሬን ረገጠ። ባዝራዋ ደንብራ እስማኤልን በሙሉ ክብደቷ ከሎሪው ብረት ጋር አጣበቀችው። ገዳሪፍ ሲደርሱ በሰው ትከሻ ነው የወረደው።

ወጌሻ መጥቶ ግራ ዳሌውን አሸው። ክረምቱን ሙሉ በገመድ የተሠራው አልጋ፣ አንግረቡ ላይ ተኝቶ አሳለፈ፤ ኑሪያ ስታገላብጠው ጥርሱን ነክሶ ጣራ ጣራውን ያይ ነበር። ኋላ ተነሳ። ሲራመድ ግራ እግሩ ጥቂት ይጎተታል እንጂ ልብ ያላለ ሰው አያውቅበትም። «ዳንኩ» አለ። ሁሉም የየራሱ ጭንቀት ነበረበትና አምኖ ተቀበለው።

ሲት ዋፋ የተከራዩት ግቢ ጥግ ላይ አንዲት የጭቃ ክፍል ለባልና ሚስቱ ተሰጠቻቸው። ከክፍሏ ጎን ራኩባ የሚሉት በሣር የተሠራ ዳስ አለ፤ ባዝራዋ እዚያ ታድር ነበር። ኑሮው እንዲሁ ቢቀጥል ምንም አልነበረም። ግን መኸሩ ሲያልቅ ሲት ዋፋ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ወንድማቸው ዘንድ ለመሄድ ቆረጡ። ባዝራዋን ሊወስዷት አይችሉም፤ ባህር ዳር ፎቅ ላይ ፈረስ አያድርም። ለጋሪ ነጂ ትተዋት እንዳይሄዱ ደግሞ አንጀታቸው እንቢ አለ።

በዚህ መሐል ነው ሐጅ ቱርካ የመጡት። ሐጅ ቱርካ ባሱንዳ ላይ ሰፊ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ ያላቸው፣ ፈረስ የሚወዱ፣ ጥቂት ውርንጭሎችም የሚያሳድጉ ሰው ናቸው። ባዝራዋን ዙሪያዋን እየዞሩ አይተው አንገቷን መታ መታ አደረጉና፣ ከነጋላቢዋ ቢሆን እወስዳታለሁ አሉ።

«እርሻው ላይ ለባልደራሴ የሠራሁት ቤት አለ» አሉ። «በር አለው፣ ጉድጓድ ውሃም አለው። ግን እንግዶቼ ፊት ስትዘል ማየት እፈልጋለሁ። በየዓመቱ መኸር ሲያልቅ እሽቅድድም እናደርጋለን፤ ዘንድሮ አጥር አስቀምጥላችኋለሁ።»

ኑሪያ ከበሩ ኋላ ሆና ሰማች። በር ያለው ቤት። ካምፕ ውስጥ ተወልዳ፣ በሰው ግቢ ኖራ፣ የራሷን በር ዘግታ አታውቅም።

የእሽቅድድሙ ሜዳ ባሱንዳ ያለ የታጨደ የማሽላ ማሳ ነበር። የሐጅ ቱርካ ሰዎች ክብ መሮጫ አበጁበት፤ የመሮጫውን የውስጥ ዳር ባዶ በርሜል እየደረደሩ ምልክት አደረጉ፣ ከአገዳ እስር ደግሞ አጥሮች ሠሩ። ባሱንዳ ፈረስ ሲሮጥ የኖረው ወደ ግራ እየዞረ ነው። እነሱም እንደለመዱት አበጁት።

በልምምድ ቀን የሐጅ ቱርካ ሎሪ ባዝራዋን ከገዳሪፍ ያመላልሳት ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ኑሪያም ምሳ ይዛ ሄዳ ነበር። ባዝራዋ ወደ አጥሩ ስትመጣ ደስ ትላለች፤ ጆሮዋን አቁማ፣ አንገቷን ስባ። ከመሬት ስትነሳ ግን ገላዋ ወደ ግራ አዘነበለ። ስታርፍ ከበርሜሎቹ አንዱን በትከሻዋ ገፍታ ጣለችው። ሁለተኛውም ላይ ያው ሆነ። ሦስተኛው ላይ ቅልጥሟ ተፋቀና ደማ። እስማኤል ወርዶ እግሯን ሲዳብስ ፊቱ ገርጥቶ ነበር።

ሐጅ ቱርካ ቀረብ ብለው «ምን ሆነች?» አሉ።

«አዟዟሩ ነው፣ ያ ሐጅ» አለ እስማኤል። ቁጢጥ ብሎ በጣቱ አቧራው ላይ ክብ ሣለ። «እኛ ኻርቱም ስናሠራት የኖርነው ወደ ቀኝ ነው። ፈረስ ወደ ቀኝ ስትዞር ቀኝ የፊት እግሯን ታስቀድማለች፣ ወደ ግራ ስትዞር ግራዋን። ይቺ በቀኟ ነው የጠነከረችው። በግራዋ ስታስቀድም አጥሩ ጋ እርምጃው አይገጥምላትም፤ ስለዚህ ወደ ውስጥ ትወድቃለች።»

ውሸት አልነበረም። ስለ ፈረስ የተናገረው ሁሉ ትክክል ነው። ሐጅ ቱርካ ሥዕሉን አይተው ትከሻቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲያ ወደ ቀኝ እናዙረዋ። አቧራው ያው አቧራ ነው።»

እስማኤል ይህን አልጠበቀም ነበር። ኑሪያ ፊቱን አየችው፤ የደስታ ፊት አልነበረም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ እስማኤል ራኩባው ሥር ባዝራዋን ሲያሻት ኑሪያ ሱሪውን ይዛ መጣች።

«ወደ ቀኝም ብትሮጥ ወደ ግራ ነው የምታዘነብለው» አለችው።

«አንቺ ስለ ፈረስ ምን ታውቂያለሽ?»

«ስለ ፈረስ አላውቅም። ስለዚህ ሱሪ ነው የማውቀው።» ሱሪውን ገልብጣ ሁለቱን እግሮች አሳየችው። «ግራው አይነካትም። ቀኝህ ብቻ ሲገፋት ወዴት ትሂድ?»

እስማኤል ሱሪውን ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ፊቱን ወደ ባዝራዋ መልሶ ማሻሸቱን ቀጠለ።

«ኮርቻው ነው» አለ። ራሱም እንዳላመነው ድምፁ ያስታውቅ ነበር። ቆይቶ ደግሞ ዝግ ብሎ፦ «ኑሪያ፣ ፈረስ አጥሩ ሥር ስትደርስ አጥሩን እንደማታየው ታውቂያለሽ? ዐይኗ ያለው በጎንና በጎኗ ነው። ከሩቅ ታየዋለች፤ ስትቀርበው ይጠፋባታል። ቅድም ያየችውን አምና ነው የምትነሳው። እኔም አሁን እንደዚያ ነኝ። እዚህ ደርሻለሁ። አትንኪኝ። የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ቤቱን እናግኝና እታከማለሁ።»

«ብትወድቅስ?»

«ወድቄ አውቃለሁ።»

ሱሪውን አጣጥፋ ይዛ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አላነሱም።

እሽቅድድሙ ሊደርስ ሲል ሲት ዋፋ ኑሪያን ጠሯት። ዕቃቸውን በከፊል አስረዋል፤ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው የባዝራዋን የድሮ ልጓም በጨርቅ ይወለውሉ ነበር። ጎናቸው አስቀመጧት።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ በዐረብኛ። «የእስማኤል እግር ድኗል? እሱን ብጠይቀው ድኗል ነው የሚለኝ፤ ወንድ ነው። አንቺ ግን ሚስቱ ነሽ።»

ኑሪያ ዐይኗን ልጓሙ ላይ ተከለች። ስለ ሱሪው ልትነግራቸው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ በሩን አሰበችው፣ ጉድጓዱንም። ባሏም ትዝ አላት፤ ሲት ዋፋ ጠርተውት «አትጋልብም» ሲሉት፣ አንገቱን ደፍቶ «እሺ» ሲል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮም አንገቱን ደፍቶ ሲኖር ታያት።

«ድኗል፣ ያ ሲት» አለች። «ደህና ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሲት ዋፋ፣ ትከሻቸው እንደመርገብ ብሎ። ሌላ ነገር አልጠየቁም።

የእሽቅድድሙ ቀን ባሱንዳ ሜዳ ላይ ብዙ ሰው ተሰበሰበ። ከገዳሪፍ በመኪና የመጣ አለ፣ ከየእርሻው በትራክተር ተጭኖ የመጣ አለ። አዟዟሩ ወደ ቀኝ ስለሆነ በርሜሎቹ አሁን በጋላቢው ቀኝ በኩል ቀሩ። በግራው፣ በውጪው ዳር፣ ሰዉ ቆሟል። የመጨረሻው አጥር አጠገብ ደግሞ የሐጅ ቱርካ ትራክተር ከነዲስክ ማረሻው ቆሞ፣ ወጣቶች ለማየት እንዲመቻቸው ላዩ ላይ ወጥተዋል።

ኑሪያ ከሴቶቹ ጋር ሆና ትራክተሩን አየችው። ሳሕን የሚመስሉት ማረሻዎች በአፈር ተስለው ጫፋቸው ያበራ ነበር። የቆመው ባዝራዋ በምታዘነብልበት በኩል ነው። ለማን ትንገር? ወንዶቹ መሐል ሄዳ ያን ትራክተር አንሱት ብትል፣ ለምን ሲሏት ምን ትመልሳለች? ሲት ዋፋ ከጎኗ ነበሩ፤ እጇን ይዘዋታል። እዚያው እንደተያዘች ቀረች።

ፈረሶቹ ተለቀቁ። ዘርጋ ወዲያው ከሁሉም ቀደመች። የመጀመሪያውን አጥር ስትዘል ሰዉ «ያ ሰላም» አለ፤ እንደዚያ ያለ ዝላይ እዚያ አገር ታይቶ አያውቅም። ወደ ግራ ማዘንበሏን ያየ የለም፤ ወይም ያየው ከኑሪያ በቀር ትርጉሙን አላወቀውም። በሁለተኛው አጥር አረፋፏ ወደ ውጪው ዳር በጣም ቀረበ፤ ጥቂት ሰዎች እየሳቁ ወደ ኋላ ሸሹ። እስማኤል በልጓም ወደ ቀኝ ሊመልሳት ሲታገል ከሩቅ ይታይ ነበር። እጁ ይጎትታታል፤ ግራ እግሩ ግን አይገፋትም።

በመጨረሻው አጥር ላይ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጆሮዋ ሥር የሆነ ነገር አላት። ባዝራዋ ተነሳች። የፊት እግሮቿ ታጥፈው፣ የኋላዎቹ መሬቱን ገፍተው፣ ከአገዳው በላይ ከፍ ብላ ሄደች፤ ያማረ ዝላይ ነበር። ወዴት እንደምታርፍ ያዩት ወጣቶቹ ናቸው፤ ከትራክተሩ ላይ እየዘለሉ ተበተኑ። እሷ አጥሩን እንጂ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን አላየችም። የፊት እግሮቿ ማረሻው መሐል ገቡ።

እስማኤል ከላይዋ ተወርውሮ አገዳ ክምር ላይ ወደቀ፤ ጭረት እንጂ ሌላ አላገኘውም። ዘርጋ ልትነሳ ትሞክር ነበር። አንደኛው እግሯ ከቅልጥሟ በታች በቆዳ ብቻ ነው የተንጠለጠለው። ሲት ዋፋ በዚያ ዕድሜያቸው ሮጡ። አቧራው ላይ ተንበርክከው ራሷን ጭናቸው ላይ አደረጉና በተከናነቡት ቶብ ጫፍ ዐይኗን ሸፈኑላት፤ ስሟን እየጠሩ በጆሮዋ ያወሯት ጀመር። የሐጅ ቱርካ ዘበኛ ጠመንጃውን ይዞ መጣ። ሐጅ ቱርካ ሲት ዋፋን በክንዳቸው ይዘው ቀስ ብለው አነሷቸው። እስማኤል ግን አልተነሳም፤ አገዳው ላይ እንደተቀመጠ ጆሮውን በሁለት እጁ ደፈነ።

ሐጅ ቱርካ ክፉ ቃል አልተናገሩም። «የአላህ ሥራ ነው» አሉ፣ ሰዉም አሜን አለ። ስለ ቤቱ ግን ከዚያ ወዲያ ያነሳ አልነበረም። ሲት ዋፋ ወደ ፖርት ሱዳን በሄዱ ዕለት አንግረባቸውንና የወጥ ቤት ዕቃቸውን ለኑሪያ ተዉላት። መኪናው በር ላይ ሆነው አቀፏት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ከጦርነት ያመለጠችን ፈረስ ለሰው ደስታ አስዘለልኳት። ባልሽን እንዳትወቅሺው።»

ኑሪያ ያኔም ልትነግራቸው ትችል ነበር። አለቀሰች እንጂ አልነገረቻቸውም። ሲት ዋፋ ስለ ባዝራዋ የምታለቅስ መስሏቸው እንባዋን በራሳቸው ቶብ ጠረጉላት፤ መኪናውም ሄደ።

ኡም ጋርጉር እናቷ ባሕሪያ ዘንድ ገቡ። እስማኤል ቀን ቀን ከጎጆው ጥላ ሥር ይቀመጣል። የባዝራዋን ወሬ የሰማ ሁሉ ሊያጽናናው ይመጣል፤ ለመጣ ሁሉ አቧራው ላይ ክብ እየሣለ ያስረዳል። ባሱንዳ ላይ ወደ ግራ ተለማምዳ ድንገት ወደ ቀኝ ማዞራቸው፣ ኻርቱም የለመደችው ቢሆንም እንደገና መደናገሯ፣ ቀኝ እግር፣ ግራ እግር። ነገሩ በየቀኑ እየረዘመ ሄደ። ሰሚዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ስለ ፈረስ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ እዚያ የለም። ባሕሪያ ልጃቸውን ለብቻዋ ጠርተው «ይኼ ሰውዬ ምን ሆኗል? ስለ አንድ ነገር ስንት ጊዜ ይምላል?» ሲሏት ኑሪያ ውሃ ልቅዳ ብላ ወጣች።

ዝናብ ሊጥል ደመና ሲሰበስብ ከወድ ኤል ሒለው አንድ ኣስፋሃ የሚባል ነጋዴ መጣ። ኤርትራዊ ነው፤ እዚያ ወንዝ ዳር ሱቅ አለው። ትግርኛ የቀላቀለ አማርኛ ይናገራል። ከኻርቱም ከሸሸ ሰው የገዛት ወጣት ባዝራ እንዳለችው፣ የሚገራለትና የሚጋልብለት ሰው እንደሚፈልግ ለእስማኤል ነገረው።

«ስምህን ብዙ ሰው ነው የነገረኝ፣ ሓወይ» አለ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው። «ማደሪያ እሰጥሃለሁ። ልጄም መጋለብ ይማርልኛል፤ ከኋላህ አፈናጥጠህ ታለማምደዋለህ።»

የእስማኤል አንገት ቀና አለ። ኑሪያ ለእንግዳው ውሃ ይዛ ስትመጣ አየችው። ባዝራዋ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም።

«እናንተ ጋ የሚሮጡት ወደየት ነው?» ሲል ጠየቀ። «ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ?»

ኣስፋሃ ግራ ተጋብቶ ሊመልስ ሲል ኑሪያ ውሃውን እጁ ላይ አስያዘችው።

«ግራ እግሩ አይሠራም» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ዳሌው ተሰብሮ ነበር፤ አልዳነም። ፈረስ መያዝ አይችልም። ያቺም የሞተችው በዚህ ነው፣ በአዟዟር አይደለም። ልጅህን ከኋላው አታስቀምጠው።»

ኣስፋሃ ወደ እስማኤል ተመለከተ። እስማኤል ወደ መሬት ይመለከት ነበር። እንግዳው ውሃውን ጠጥቶ ጨረሰ፣ ጣሳውን በሁለት እጁ መለሰላት፣ ስለ ዝናቡ ጥቂት አወራና እንደ ጨዋ ተሰናብቶ ሄደ።

ኑሪያ ባሏ የሚጮህ መስሏት ነበር። እስኪጮህ ቆማ ጠበቀችው። እሱ ግን ቀና ሳይል፣ ያለ ቁጣ፣ «ለሲት ዋፋም እንዲህ ብለሽልኝ ቢሆን ኖሮ» አላት።

የምትመልሰው ነበራት። አትንኪኝ ያልከኝ አንተ ነህ ልትለው ትችል ነበር፤ እውነትም ነው። ግን ሲት ዋፋ የጠየቋት እሷን ነበር። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ነፋሱ የዝናቡን ሽታ ይዞ እስኪመጣ ድረስ ሁለቱም አልተነሱም።

ከዚያ በኋላ ካምፑ ክሊኒክ ወሰደችው፤ እሱም እንቢ አላለም። አጥንቱ ተጣሞ ከገጠመ ቆይቷል፣ አሁን የሚደረግ ነገር የለም አሏቸው። ዛሬ እስማኤል አንድ የሰሊጥ መጋዘን በር ላይ በዘበኝነት ይቀመጣል። ጭነት የሚያመጡ ጋሪዎች እዚያ ይቆማሉ። ነጂዎቹ ሻይ ሊጠጡ ሲሄዱ በምርኩዙ ተደግፎ ወደ ፈረሶቹ ይጠጋና ኮቴያቸው ውስጥ የተሰነቀረውን ጠጠር ያወጣላቸዋል። ስለ አዟዟር ለሰው ማስረዳቱን ትቷል። ኑሪያ ምሳ ይዛለት ስትመጣ አብረው ይበላሉ፤ ስለ ዋጋ መወደድ፣ ስለ እናቷ ጉልበት ያወራሉ። የባዝራዋን ስም ግን ከሁለቱ የሚጠራው የለም።